የተበጠሱ የመስታወት ክሮች

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩኝ ከክፍላችን ወጣት ሐኪሞች አንዱ የዕቃ ቁም ሣጥኑን ሲያስጸዳ አንድ የተላላጠ ጥቁር ሻንጣ አግኝቶ «ሲስተር፣ ይህ ይወገድ?» ብሎ መጣ። ከፈትኩት። ውስጡ የተጠቀለለው የድሮው የኢንዶስኮፒ መሣሪያችን ነበር፤ በሽተኞቻችን «እባቡ» የሚሉት፣ ሆድ ውስጥ ያለውን የምናይበት ረጅም ቱቦ።

ልጁ መመልከቻውን አነሣና ሁለቱንም ዓይኖቹን እንዳፈጠጠ «ምንም አይታይም እኮ» አለ። ሳቄ መጣ። «አንዱን ጨፍን እንጂ የኔ ልጅ» አልኩት። እሱ ሥራውን የተማረው ሁሉም ነገር ከፊቱ በተሰቀለ ሰፊ ስክሪን ላይ በሚታይበት ዘመን ነው። ሐኪም ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጠባብ ቀዳዳ እያየ የሰው ዕጣ እንዴት ይወሰን እንደነበር ልነግረው ጀመርኩና ተራ ጠባቂው በዛ፤ ወሬው ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሆድ ውስጥ የሚቀር ነገር ደግሞ አይመቸኝም፤ የኖርኩት ሆድ ውስጥ ያለውን እያወጣሁ ነውና። ስለዚህ ጻፍኩት።

የተወለድኩት ጨንቻ ነው። አፌን የፈታሁት በጋሞኛ ሲሆን አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ነው፤ አስተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ከሰሜን የመጡ ነበሩና ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ባደረግሁ ቁጥር በአርጩሜ ያርሙኝ ነበር። ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ካምባ ነው። በገበያ ቀን ጤና ጣቢያው ከገበያው እኩል ይሞላል፤ ሰው ቅቤውን ሸጦ፣ ጨውን ገዝቶ፣ በዚያው ሆዱን ሊያሳይ ብቅ ይላል። ኃላፊያችን ለሆድ ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሽሮፕ የሚያዙ ሰው ነበሩ። ተመልሶ መጥቶ «አልተሻለኝም» ያለ ያንኑ ይደግማል፤ ስለዚህ ሕዝቡ «ተሻለኝ» ማለትን ቶሎ ለመደ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ብዙ የሚወራለት አልነበረም። ካምባ ግን አንድ ነገር አስተምራኛለች፤ ሰው «አመመኝ» ሲል ከአፉ ይልቅ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ማየትን።

ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል የተዛወርኩት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ዶክተር ስዩምም የመጡት በዚያው ሰሞን ነበር። የጎጃም ሰው ናቸው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሙቀቱ ጋር ፈጽሞ ያልተስማሙ። በእርዳታ የተገኘውን የኢንዶስኮፒ መሣሪያ ይዘው ሲመጡ ከነርሶቹ መካከል ረዳት እንዲመርጡ ተባለ። እኔን የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ጋሞኛ ትችያለሽ?» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት በካምባ መርፌ ስወጋና ቁስል ሳጥብ ኖሬ በእናቴ ቋንቋ መመረጤ ከነከነኝ። ቆይቶ ነው ትክክል እንደነበሩ የገባኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። በሽተኛው ሳይበላ ያድራል። ጉሮሮውን በሚያደነዝዝ መድኃኒት እንረጨውና በግራ ጎኑ እናስተኛዋለን፤ ቱቦውን እንዳይነክስ የፕላስቲክ ቀለበት እናስነክሰዋለን። እኔ ራስጌው ቆሜ ጭንቅላቱን ይዤ በጋሞኛ እያባበልኩ «በአፍንጫህ ተንፍስ፣ ምራቅህን አትዋጥ፣ ይፍሰስ ተወው» እለዋለሁ። ዶክተር የመሣሪያውን ራስ ቀኝ ዓይናቸው ላይ ለጥፈው፣ ግራውን ጨፍነው፣ ቱቦውን በቀስታ ያወርዳሉ። ሲጨርሱ በቀኝ ዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ቀለበት ይቀራል። ምሳ ሰዓት ላይ ቀለበቱን ያየ የግቢው ዘበኛ ሁሉ ያን ቀን ኢንዶስኮፒ እንደነበር ያውቃል።

ልማድ ነበራቸው። መሣሪያውን ከእኔ ጋር ራሳቸው ያጥባሉ፤ የማምከኛው ፈሳሽ ሽታ ሁለታችንንም እያስለቀሰን። ለሁሉም ሰው፣ ለሸማኔውም ለሸክላ ሠሪዋም፣ «እርስዎ» ነው የሚሉት፤ ይህን የሰማ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ «ሕዝቡን ያባልጋሉ» ብሎ አምቷቸዋል። ለጨጓራ ቁስል በሽተኛ የሚያቃጥለውን የቃሪያ ማባያችንን፣ ዳጣን፣ እንዲተው ከመምከራቸው በፊት ራሳቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ዳጣ የሌለበት ምግብ ለእኛ ሰው ቅጣት መሆኑን ያውቁ ነበርና። ምርመራው ሲያልቅ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው የሚናገሩት፤ «አየሁ። ንገሪያቸው።»

እኔም እነግራለሁ። ቁስል አለ፣ ቁስል የለም፣ ጉሮሮው ጠቧል፣ ደም ሥር አብጧል። አንድ ቀን ለአንዲት አሮጊት ነግሬ ስጨርስ ዓይን ዓይኔን እያዩ በጋሞኛ «አንቺስ አይተሽዋል?» አሉኝ። አላየሁም። በዚያ ቀዳዳ ማየት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የእኔ እጅ በሽተኛውን እንደያዘ ነው የሚውለው። ላላየሁት ነገር አስተርጓሚ ነበርኩ። የአሮጊቷ ጥያቄ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

አሁን ስለ ነጥቦቹ ልናገር። ያ ቱቦ ውስጡ ከፀጉር የቀጠኑ እልፍ የመስታወት ክሮች አሉት፤ ምስሉን ከሆድ ወደ ዓይን የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ቱቦው በታጠፈና በሽተኛ በነከሰው ቁጥር አንዳንዱ ክር ይበጠሳል። የተበጠሰ ክር ብርሃን አያመጣም፤ በቦታው ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ዶክተር ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ «ነጭ ስጪኝ» ይላሉ። ንጹሕ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ አቀርብላቸዋለሁ፤ በመሣሪያው ያዩትና አዲስ ነጥብ መጨመሩን ያረጋግጣሉ። ከዓመት ዓመት ነጥቦቹ በዙ፤ በአንድ በኩል ተሰብስበው ጎዙ ላይ ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ይመስል እንደነበር ነግረውኛል። ሌላ መሣሪያ ጠይቀው ነበር፤ መልሱ «ያለውን በጥንቃቄ ይጠቀሙ» የሚል ነው።

እሳቸውም በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። «ነጥቡ ከእኔ ጋር ይዞራል፣ ቁስሉ ግን ባለበት ይቆያል» ይሉ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ቦታ ቱቦውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዙረው ነው የሚያዩት፤ ነጥቦቹ የሸፈኑት እንዲገለጥ። በሽተኛው እያቃረ ያንን ማድረግ ጊዜ ይወስዳል፣ ጭካኔም ይመስላል። ጭካኔ አለመሆኑን ያወቅነው አንድ ጊዜ ያላደረጉት ቀን ነው።

አቶ ዳንቶ በጨንቻ መንገድ ካለችው ከዶርዜ የመጣ ሸማኔ ነበር። ብዙ ዘመኑን አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ኖሮ ሆዱን ሲያመው ወደ አገሩ የተመለሰ፣ ጨዋ፣ ሰውን ማስቸገር የማይወድ ሰው። ታናሽ ወንድሙ ሻንካ ነው ደግፎ ያመጣው፤ እሱም ጥቂት ዓመት ሽሮ ሜዳ የሠራ ሸማኔ ነው። አቶ ዳንቶ ቱቦው ገና ሲገባ አጥወለወለው፣ ታፈነ፣ እጄን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ፣ እንባው በጆሮው ፈሰሰ። እንዲያም ሆኖ አንዴም ሊያወጣው አልሞከረም። ይሄ ትዕግሥቱ ነው መሰለኝ ዶክተርን ያሸነፋቸው። ጨጓራው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ደርሰው ሊያዞሩ ሲሉ ሰውየው ተንሰፈሰፈ፤ «ይብቃቸው፣ ተሠቃዩ» ብለው ቱቦውን መልሰው ሳቡት። ቁስል አላዩም። «አየሁ። ንገሪያቸው» አሉ። እኔም ሆዱ ውስጥ ምንም ክፉ ነገር እንዳልተገኘ ለሁለቱም ወንድማማቾች በጋሞኛ ነገርኳቸው። ሻንካ ደስ ብሎት ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ ሲል ትዝ ይለኛል።

ሌላ አገር ቢሆን ሐኪም «ምንም የለም» ያለው ሰው ሌላ ሐኪም ይፈልጋል። በእኛ አገር ግን ሕመሙ ከሥጋ ካልሆነ ከጎሜ ነው። ጎሜ ማለት መሻር የሌለበት ሥርዓት ተሽሮ፣ ተደብቆ ሲቀመጥ በቤት ላይ የሚመጣ ጣጣ ነው፤ ተነግሮ እስኪወጣ ድረስ ያሳምማል፣ ከብት ይገድላል፣ ማሳ ያደርቃል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው መረመሩ። ሻንካ ታላቅ ወንድሙ ሽሮ ሜዳ ሳለ ዝናቡ እንዳያመልጠው ብሎ ገብስ ዘርቷል። ታላቅ ሳይዘራ ታናሽ መዝራቱ ጎሜ ነው፤ የጋሞ ልጅ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ሻንካ አልካደም፤ በግ ታረደ፣ ታረቁ። አቶ ዳንቶም ተሻለው። የሰጠነው መድኃኒት ሕመሙን አስታግሶለት ይሆናል፤ ብቻ ተሻለው፣ እነሱም ነገሩ በዕርቁ አበቃ ብለው እኛ ዘንድ ሳይመለሱ ወራት አለፉ።

ሲመለስ በቃሬዛ ነበር። ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ዶክተር በዚያው መሣሪያ እንደገና አዩት፤ ያን ጊዜ ግን አዙረው፣ ደጋግመው አዙረው። ሁልጊዜ የሚሉትን «አየሁ» አላሉም። ከጨጓራው ለምርመራ ቁራጭ ወስደን በጠርሙስ ወደ አዲስ አበባ ላክን፤ መልሱን ግን እሳቸው በዓይናቸው አውቀውታል፤ ካንሰር ነበር። መሣሪያውን ስናጥብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነጥቦቼ ሥር ነበር፣ ሲስተር» አሉኝ። «ያኔ ትንሽ ነበር። አንዴ ባዞረው ኖሮ አየው ነበር።» እጃቸው ፈሳሹ ውስጥ እንዳለ ቆመው ቀሩ።

ለቤተሰቡ ከባድ በሽታ መሆኑንና እንደ ዘገየ ነገርናቸው። ስለ ነጥቡ አልተነገረም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ይባላል። አቶ ዳንቶ መልሱ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ አረፈ።

ቪዲዮው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ። ይህኛው ቱቦ ውስጥ የመስታወት ክር የለም፤ ጫፉ ላይ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ካሜራ አለች፤ የምታየውን በሽቦ ልካ በቴሌቪዥን ታሳያለች። ዕቃው በሳጥን ተጭኖ ሲገባ ግቢው ሁሉ ወጥቶ አየ። ከተማው ውስጥ ያኔ ፊልም የሚያሳዩ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩና ክፍላችንም ወዲያው «ቪዲዮ ቤት» ተባለ። አንድ የሲቀላ ሰፈር ነጋዴ ተራውን ሲጠብቅ «ትኬቱ ስንት ነው?» እያለ ሰልፉን ያስቅ ነበር፤ ቱቦውን ሲያይ ዝም አለ። መብራት ሲዋዥቅ ስክሪኑ ይንዘፈዘፋል። ጠዋት ሥራ ስንጀምር ማሽኑ ነጭ ምን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል፤ ነጭ ነገር ካላሳዩት ቀዩን ቡኒ፣ ሐምራዊውን አረንጓዴ አድርጎ ያወጣዋል። ዶክተር ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «ነጭ ስጪኝ» ማለት ከአሮጌው ዘመን ወደ አዲሱ አብሯቸው የተሻገረ አንድ ልማድ ሆነላቸው።

አንድ ሌላም ልማድ ተሻግሯል። ስክሪኑ ከፊታቸው ተሰቅሎ፣ ማንም በሁለት ዓይኑ ሊያየው እየቻለ፣ እሳቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዩት። ሁለቱንም ቢከፍቱ አላየሁም የሚሉ ይመስል።

እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። እንዲያ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዕድሜዬን ስሙን ስጠራው የኖርኩት ነገር ቀላ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ሥጋ ሆኖ ከፊቴ ተዘረጋ። የበሽተኛውን ራስ እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። ዶክተር ዞር ብለው አዩኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃላቸውን ለወጡ። «አየሁ» መባሉ ቀረና «አየሽ? ንገሪያቸው» ሆነ።

ሻንካ የመጣው በዚያ ዓመት ነው። ሚስቱ ናት እየጎተተች ያመጣችው። ሲገባ አላወቅሁትም፤ ትከሻው ወድቋል፣ ጺሙ ሸብቷል። ሆዱን እንደሚያመው በግድ ተናገረ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ አንጀቱ መጀመሪያ ላይ አንድ የታወቀ ዓይነት ቁስል ታየ፤ የሚድን፣ በየሳምንቱ የምናየው። ዶክተር «አየሽ? ንገሪያቸው» አሉ፣ ነገርኩት። ሻንካ ግን መድኃኒቱን አልወስድም አለ። በሽሮ ሜዳ አማርኛው፣ ዶክተር እንዲሰሙት ብሎ፣ «የእኔ በሽታ መድኃኒት የላትም» አላቸው። «ወንድሜን የገደለችው ጎሜዋ ናት። አሁን ደግሞ እኔን ትፈልጋለች።»

ነገሩን ቀስ በቀስ ከሚስቱ አወጣሁ። አቶ ዳንቶ ከዕርቁ በኋላ ሲሞት ሰዉ አንድ ነገር ደመደመ፤ ሻንካ ከተናገረው ሌላ የደበቀው ጎሜ አለ። ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱም ራሱ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት በዱቡሻ አይቀመጥም። ለሐዘን አይጠሩትም፣ ሰላምታ በሩቁ ነው። ከሁሉ የከፋው ማሳው ነበር። አቶ ዳንቶ ወንድ ልጅ አልነበረውምና የቤቱ ታላቅ አሁን ሻንካ ነው፤ እሱ ሳይዘራ ሦስተኛው ወንድማቸው መዝራት አይችልም። ጎሜ ያለበት ሰው ደግሞ ዘር እንዲጀምር አይፈቀድለትም። ስለዚህ የአባታቸው መሬት ጦሙን አደረ፤ የዳንቶ ባልቴትና ልጆቿ ከጎረቤት እየተበደሩ ይበላሉ። የቀጣዩ ዝናብ ሊገባ ነበር። አሁንም ካልተዘራ መሬቱን ትተው ሊበተኑ ነው።

ይህን ለዶክተር ስተረጉምላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱና አሮጌውን መሣሪያ ከሻንጣው አወጡ። «ነጭ ስጪኝ» አሉ። ጎዝ ላነሣ ስል እጄን ያዙኝና የሻንካን የጋቢ ጫፍ ጠቆሙ። ጋቢው የራሱ ሥራ ነበር፤ የዶርዜ ሸማኔ ሌላ ሰው የሠራውን አይለብስም። መስኮቱ ጋ ወስደው ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘረጉት፣ የቱቦውን ጫፍ አስጠጉለት፣ መመልከቻውን ሰጡት። «አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ይዩ» አሉት።

አየ። ወዲያው መመልከቻውን ከዓይኑ አነሣና ጨርቁን በጣቱ ጠረገው። እንደገና አየ። እንደገና ጠረገ። ከዚያ ጋቢውን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ ድርና ማጉን በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ መረመረው፤ ነጭ ነበር፣ አንዳች ነጠብጣብ የለበትም። ለሦስተኛ ጊዜ በመሣሪያው ካየ በኋላ ቱቦውን እንደ ሕፃን በሁለት መዳፉ ያዘው።

«ጨርቄ ንጹሕ ነው» አለ። «ክሩ ተበጥሷል።»

«አዎ፣ ተበጥሷል» አሉ ዶክተር። «ወንድምዎን ያየሁት በዚህ ነው። በሽታው ከዚህ ጥቁር ነገር ሥር ነበር፣ ሳላዞረው ቀረሁ። ገብስዎ አይደለም። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

አማርኛ ይሰማል፤ ቢሆንም በጋሞኛ ደገምኩለት። በዚህ ጊዜ ግን ያየሁትን ነበር የምተረጉመው፤ ቱቦውን ሳያዞሩ ሲስቡት እዚያው ነበርኩ። ሻንካ ዶክተርን አልተቆጣም፣ አላመሰገነምም። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ሲነሣ መድኃኒቱን ተቀበለኝ፤ የተናገረው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም፣ በዱቡሻ አፍ የለኝም አለ።

ዶክተር ዱቡሻው ድረስ ሄጄ እናገራለሁ ሲሉ የሆስፒታሉ ኃላፊ ጠርተው መከሯቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩት አንድ ሐኪም በሕዝብ ፊት «አጠፋሁ» ካለ ነገ ሆዱን የሚያሳይ አይኖርም ብለው ነው። ሰውየው ሞቷል፣ ሌላው ታክሟል፣ ምን ይፈይዳል አሏቸው። ዶክተር አልተከራከሩም። በዕረፍታቸው ቀን መሣሪያውን ይዘው እኔን አስከትለው ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና ላይ ተሳፈሩ። ከሙቀቱ ወጥተን ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ፣ ጎጃሜው ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመችቷቸው ኮታቸውን ሲቆልፉ አየኋቸው። የመሣሪያውን ሻንጣ ግን ከጉልበታቸው አላወረዱም።

ዱቡሻው ሣር የለበሰ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን መቀመጫ ድንጋዮች አሉት። ሻንካ ከድንጋዮቹ ውጭ ቆመ። ዶክተርን መሐል አስገቧቸው። እኔ ላስተረጉም አብሬ ስገባ አንድ ሽማግሌ «ሴት እዚህ አትናገርም» ብለው ተቃወሙ። የአካባቢው መሪ፣ ሀላቃው፣ «የምትናገረው እሷ አይደለችም፣ ሰውየው ነው» አሉና ዝም አሰኟቸው። ዶክተር ለሻንካ ያሉትን ደገሙ፤ ሳያሳጥሩ፣ ሳያሳምሩ። ከዚያ ጋቢ ተዘረጋ፤ ሽማግሌዎቹ እየተነሡ፣ አንድ ዓይናቸውን እየጨፈኑ አዩ። ግማሾቹ ሸማኔዎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ካዩ በኋላ ጎንበስ ብለው ጨርቁን ዳሰሱ።

ሁሉም ወደየድንጋያቸው ተመለሱ። ከዚያ ሀላቃው ተናገሩ፤ ቃላቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ጎሜ ማለት የተደበቀ ነው። ይህ ሰው የእሱን ተናግሮ አወጣው፤ ነጽቷል። ሻንካም ታላቁ ሳይዘራ መዝራቱን ተናግሮ ነበር፤ እሱም ነጽቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን የጫንበት እኛ ነን። የእኛንስ ማን ይናገረው?»

ጎንበስ ብለው ከሜዳው ርጥብ ሣር ነጩ። በእኛ ዘንድ ርጥብ ሣር ይዞ የመጣን ሰው እምቢ አይሉትም። ሀላቃው ከድንጋዮቹ ውጭ ወጡ፤ ሽማግሌዎቹም ሣር እየነጩ ተከተሏቸው፤ ሻንካ ፊት ተንበረከኩ። ታላላቆቹ ለታናሹ። ሻንካ ደንግጦ እሱም ተንበረከከ።

የዳንቶ ባልቴት ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ዶክተር መሣሪያውንና ጋቢውን ይዘው ራሳቸው ወደ እሷ ሄዱ። ከሁሉም በላይ የፈሩት እሷን እንደሆነ አካሄዳቸው ያስታውቃል። ረጅም ጊዜ አየች። መመልከቻውን ስትመልስላቸው ፊታቸውን አላየችም፤ ይቅርም አላለቻቸውም። ሻንካ ወደ ተንበረከከበት ዞረች።

«ዝናቡ ሳያልፍ ገብሱን ዝራ» አለችው።

ዶክተር «ምን አለች?» ብለው ጠየቁኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መተርጎም ያቃተኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። በእጄ ወደ ሻንካ ጠቆምኩ። እሳቸው ግን ሰዉ ሲነሣ፣ ሻንካን ወደ ድንጋዮቹ ውስጥ ሲያስገቡት አይተው ገባቸው።

በሆስፒታሉ ላይ የተፈራው አልደረሰም፤ እንዲያውም ከደጋው የሚመጣው ሰው በዛ። ብዙዎቹ ከመተኛታቸው በፊት «ነጭ አሳዩኝ» ይሉን ነበር፤ ዶክተርም ስክሪኑ ላይ ጎዙን እያሳዩ ነጥብ አለመኖሩን ያረጋግጡላቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አገራቸው ተዛወሩ። አሮጌው መሣሪያ ይወገድ ሲባል እምቢ ብዬ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ ለወጣቱ ሐኪምም አስረክቤዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ስክሪኑን ከመክፈቱ በፊት በሱ ነጭ ጨርቅ እንዲያይበት ለምኜዋለሁ፤ ያድርገው አያድርገው እንጃ።

ከዱቡሻው በኋላ ግን፣ በዚያው የዘር ወቅት፣ ለሌላ በሽተኛ ጉዳይ ወደ ጨንቻ ስንወጣ፣ ዶክተር ሹፌሩን መንገድ ዳር አስቆሙት። ከታች፣ ከእንሰቱ ጀርባ፣ የታረሰ ማሳ ይታያል። ዳር ዳሩን ቤተሰቡ ሁሉ ቆሟል፤ ሦስተኛው ወንድም የዘር ቅርጫቱን እንደያዘ፣ ባልቴቷ ከነልጆቿ፣ ሁሉም ሳይንቀሳቀሱ እየጠበቁ። ሻንካ ብቻውን ወደ ማሳው መሐል ገባ። እጁን ቅርጫቱ ውስጥ አግብቶ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ በተነ። ወንድሙ ተከተለው፤ ከዚያ ሁሉም።

ዶክተር በመኪናው መስኮት ወደ ታች እያዩ ነበር። ግራ ዓይናቸው እንደ ልማዱ ተጨፍኗል።

«አየሽ?» አሉኝ።

«አየሁ፣ ዶክተር» አልኳቸው።

ንገሪያቸው አላሉኝም። ግራ ዓይናቸውን ከፈቱ።